ዝነኛው ሰውና ዝነኛ ያልሆነው አገር

ሰው የሰውን ወሬ መስማት ይወዳል። ይህ ጠባይ ዛሬ የመጣ አይደለም። ነገር ግን ወሬን መውደድና በወሬ መገዛት ልዩ ልዩ ነገሮች ስለ ሆኑ፣ በተለይም በትምህርት ላይ ላሉትና ገና ወደ መንግሥት ሥራ ለገቡት ወጣት አንባቢዎቻችን በዚሁ ጉዳይ ጥቂት አሳብ ለማቅረብ ወደድን። ምሳሌውንም ከሩቅ አገር አናመጣም፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከከሚሴና እርስዋ ዋና ከተማው ከሆነችለት በአማራ ክልል ካለው ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን እንጀምራለን።

ለመሆኑ ከሚሴን የሚያውቃት ስንቱ ነው? መንገደኛው የጨፋን ሜዳና የቦርከናን ወንዝ በአውቶቡስ መስኮት አይቶ ያልፋል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በዞኑ ከ450 ሺህ የሚበልጥ ሰው ተቈጥሮአል። ይህን ያህል ሕዝብ የሚኖርበት አገር ስሙ በቴሌቪዥንና በስልክ መስኮት ላይ በሰፊው የሚነሣው መቼ ነው? ቢሉ፣ ጥይት የተተኰሰ ዕለት ነው። በአንጻሩ ግን አንድ ዘፋኝ አገባ፣ ፈታ፣ መኪና ገዛ፣ ከባልንጀራው ጋር ተኳረፈ የተባለ እንደ ሆነ ወሬው ከሚሴ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። ወሬ ከመሀል ወደ ዳር እንዲህ ሲፈስ፣ ከዳር ወደ መሀል የሚመለሰው የእሳትና የደም ወሬ ብቻ መሆኑን ነው አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው።

በቀድሞው ዘመን ነገሩ በሌላ ሥርዓት ይካሄድ ነበር። በዚሁ ዞን ያለው የባቲ የሰኞ ገበያ እስከ ዛሬም አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን፣ ደገኛው ደግሞ እህሉን ይዞ የሚገናኝበት ስመ ጥር ገበያ ነው። አፋሮች ዳጉ የሚሉት የወሬ ልውውጥ ሥርዓት አላቸው። ሁለት መንገደኞች የተገናኙ እንደ ሆነ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ። ሰሚውም ዝም ብሎ አይቀበልም፤ ነገሩ የት ሆነ? መቼ ሆነ? በዓይንህ አየኸው ወይስ ሰማኸው? ብሎ ይጠይቃል። ሐሰት ያወራ ሰው በወገኖቹ ዘንድ ይዋረዳል። ጋዜጠኝነትን በኮሌጅ ለሚማሩ ሁሉ በመጀመሪያው ዓመት የሚነገራቸው ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ፊደል ያልቈጠረ ግመል ነጂ የሚጠይቀውን ጥያቄ ዛሬ ዲግሪ የያዘ ሰው ሳይጠይቅ ወሬውን ለሺህ ሰው ሲያስተላልፈው እናያለን።

የታተመው ጋዜጣስ? እውነቱን መናገር ካስፈለገ፣ እንደዚህ ያሉት የመንግሥት ጋዜጦች በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የፊት ገጻቸውን ለአንድ ሰው ፎቶግራፍ ማደሪያ አድርገውት ነበር። ዝነኛ ማለት በቤተ መንግሥት ያለ ማለት ነበር። ከዚያ ውጭ በገዛ እግሩ ሮጦ የሕዝብን ልብ የያዘ ቢኖር አበበ ቢቂላ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ አሸነፈ፤ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ደገመው። በመጋቢት ወር 1961 ዓ.ም. ከሸኖ አጠገብ፣ በዚሁ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ መኪናው ተገልብጦ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ባረፈም ጊዜ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ አገር በሙሉ አለቀሰ፤ ልቅሶውም የሚገባ ነበር።

ይሁን እንጂ በዚያው ወር ሌላ ነገር ሆኖአል። አበበ ከማረፉ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በወሎ ያነሣው የረኀብ ፊልም በለንደን ቴሌቪዥን ታየ። የወሎ ሕዝብ በረኀብ ሲረግፍ ወራት አልፎ ነበር፤ ነገሩ ግን በአገር ቤት ጋዜጣ ላይ እንዳይወጣ ተሸሽጎአል። እንግዲህ የአንዱን ጀግና ሞት ሁሉ ሲያውቅ፣ የብዙ ሺህ ገበሬዎችን ሞት የሰማው የባዕድ አገር ሰው ነበር። ይኸው ፊልም ከአንድ ዓመት በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ጋር እየተቀያየረ ለአዲስ አበባ ተመልካች ታየ፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የረኀብተኛው ፊት እውነት ነበር፤ የግብዣውም ሥዕል እውነት ነበር። የሁለቱ አቀማመጥ ግን ሰውን ለማስቈጣት ታስቦ የተደረገ ነው። ተማሪዎች ይህን ቢመረምሩት ይጠቅማቸዋል፤ ምክንያቱም ስሜትን ማነሣሣት ሐሰት በመናገር ብቻ የሚሆን እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም።

አሥር ዓመት ቈይቶ ታሪኩ ተደገመ፤ በዚህም ጊዜ ባቲ ራስዋ ከነገሩ መካከል ገባች። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት ወር 1976 ዓ.ም. ለለጋሽ መንግሥታት ጥሪ አደረገ፤ ሰሚ አልተገኘም። በመስከረም ወር 1977 ዓ.ም. ደርግ አሥረኛውን የአብዮት በዓል በታላቅ ድግስ ሲያከብር የረኀቡ ወሬ በአገር ውስጥ እንዲታፈን ተደረገ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክ የተባለው የቢ.ቢ.ሲ. ጋዜጠኛና ኬንያዊው የፊልም አንሺ መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም ታየ። ከዚያ በኋላ ዓለም ተንጫጫ። ቦብ ጌልዶፍ የተባለው የአየርላንድ ዘፋኝ ዝነኛ ባልንጀሮቹን ሰብስቦ ኅዳር 16 ቀን 1977 ዓ.ም. አንድ ዘፈን አስቀረጸ፤ ሐምሌ 6 ቀንም በለንደንና በፊላዴልፊያ ታላቁ የሙዚቃ ትርዒት ተደረገ። በዚያን ጊዜ በባቲ በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ረኀብተኛ በመጠለያ ውስጥ ሰፍሮ ነበር። ፎቶግራፍ አንሺው፣ እንግዳው፣ ሐኪሙ ሁሉ ወደዚያው ጐረፈ።

ስለዚህ ነገር ፍርዳችን ምን ይሁን? የኮሚሽኑ ሪፖርት ያላስገኘውን ስንዴ የፊልሙ ሥዕልና የዘፋኞቹ ዝና አስገኝቶአል፤ ብዙ ነፍስም ተርፎአል። ይህን የሚክድ ሰው ቢኖር በመጠለያው የነበሩትን አዛውንት ይጠይቅ። ነገር ግን ገንዘቡ የተሰበሰበበት ታሪክ የዘፋኞቹ ታሪክ ሆኖ ቀረ። የጌልዶፍን ስም የሚያውቅ አውሮፓዊ ባቲ የምትባል ከተማ መኖርዋን አያውቅም። ከአራቱ ዋና ዋና የዜማ ቅኝቶቻችን አንዱ በዚህችው ከተማ ስም እንደሚጠራማ ማን ይነግረዋል! ለራስዋ ዜማ ያላት ከተማ በሌላ ሰው ዘፈን ተለቀሰላት። አርባው ዓመት ሲሞላ፣ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ያው ዘፈን እንደ ገና ተቀነባብሮ ወጣ። ድምፁ ከተጨመረባቸው ዘፋኞች አንዱ ኤድ ሺራን ፈቃዱ እንዳልተጠየቀና ቢጠየቅም ኖሮ እምቢ ይል እንደ ነበረ ተናገረ። ክርክሩም በብዙ ጋዜጦች ላይ ወጣ። ተመልከቱ፤ በአርባ ዓመቱም የጋዜጦቹ ወሬ ስለ ዘፋኙ ሆነ።

በዛሬው ጊዜ ነገሩን የሚያከፋው ንግዱ ነው። የዌልስ ልዕልት ዲያና ነሐሴ 25 ቀን 1989 ዓ.ም. በፓሪስ ፎቶግራፍ አንሺዎች በሞተር ብስክሌት እየተከተሉዋት ሳለ በመኪና አደጋ ስትሞት፣ ዓለም ጋዜጠኞቹን ረገመ፤ ያንኑ ሰሞንም ሥዕልዋ ያለበትን ጋዜጣ እየተሻማ ገዛ። ዛሬ በዩቲዩብ ተመልካች በበዛ መጠን የማስታወቂያ ገቢ ይበዛል፤ በቲክቶክም ሁለት ሰዎች በቀጥታ ሥርጭት ሲሰዳደቡ ተመልካቹ በገንዘብ የተገዛ ስጦታ ይወረውርላቸዋል። እንግዲህ የሚሳደበው ሰው ደመወዝ ከፋዩ የሚሰማው ሰው ነው። በወር ደመወዙ ቤት ኪራይ መክፈል ያቃተው ወጣት ሠራተኛ ሳይቀር ለማያውቀው ሰው ጥል የካርድ ገንዘቡን ሲያወጣ እንሰማለን።

በአዲስ አበባ ይህ ቢበዛ ጊዜ ማባከን ነው። በከሚሴ በኩል ግን ሌላ መልክ አለው። በመጋቢት ወር 2011 ዓ.ም.፣ እንደ ገናም በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬና በዞኑ አዋሳኝ ወረዳዎች ብዙ ሰው ሞተ፤ ቤት ተቃጠለ። በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ከሚሴ ድረስ ደርሶ ከተማዋ ለሳምንታት በታጣቂዎች እጅ ቈየች። በነዚህ ጊዜያት ሁሉ ከሚሴን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ፣ ግን ብዙ ተከታይ ያላቸው ሰዎች ከአዲስ አበባና ከባሕር ማዶ ሆነው ገዳይና ተገዳይን በስም በስም ሲለዩ ነበር። አንደኛው ወገን የራሱን ዝነኛ ይሰማል፤ ሌላውም የራሱን። በሁለቱ ቋንቋዎች፣ በአማርኛና በኦሮምኛ፣ ስለ አንድ ቀንና ስለ አንድ ቀበሌ የሚነገረው የማይገናኝ ሆነ። ዝነኛውን ሰው የሚጠይቀው የለም፤ አየኸው ወይስ ሰማኸው?

የዝናንና የደምን መቀላቀል አገር በሙሉ ያየው ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ጊዜ ነው። ከመሞቱ በፊት በቴሌቪዥን የሰጠው ቃለ ምልልስ እየተቈራረጠ ሲሠራጭ ሰንብቶአል። ከግድያው በኋላ በተነሣው ሁከት ከ150 የሚበልጥ ሰው ሞተ፤ መንግሥትም ኢንተርኔትን ለሦስት ሳምንት ያህል ዘጋ። ዘፋኙን የወደደው ሕዝብ ኀዘኑ እውነተኛ ነበር፤ በኀዘኑ የነገደው ግን ሌላ ሰው ነው።

ሕጉ ይህን አይቶታል። በዚያው ዓመት የወጣው የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቍጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ መገናኛ ገጽ የተነዛ ሐሰተኛ መረጃ ከፍ ያለ ቅጣት እንዲያስከትል ደንግጎአል። ዝናን እንደ ማክበጃ መቍጠሩ አስተዋይነት ነው እንላለን። ሆኖም አዋጅ ሐሰትን ቢቀጣ እውነትን አይተካም፤ እዚህ ላይ ነው ወጣቶቹን ሹማምንት የምንወቅሰው። በአንድ ቀበሌ ተኵስ ሲሰማ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ጉዳዩ እየተጣራ ነው ብሎ ሦስት ቀን ይቀመጣል። በሦስት ቀን ውስጥ የባሕር ማዶው ተናጋሪ አሥር ጊዜ ተናግሮ ጨርሶአል። ጽሕፈት ቤቱ መግለጫ ባወጣ ጊዜም ግማሹ የስብሰባ ተሳታፊዎች የማዕርግ ዝርዝር ነው፤ ስንት ሰው ሞተ? መንገዱ ተከፍቶአል ወይስ ተዘግቶአል? የሚለው በመጨረሻው መስመር ላይ ይገኛል፤ ከተገኘም።

የታወቀውን ታወቀ፣ ያልታወቀውን ገና አልታወቀም ብሎ በዕለቱ፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ በአንድ ገጽ ጽፎ ማውጣት በጀት አይጠይቅም። ወረቀቱም በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ብቻ ተለጥፎ አይቅር፤ ሰኞ በባቲ፣ እሑድም በሰንበቴ ገበያ ሰው በሚሰበሰብበት ይነበብ። ግመሉን ይዞ የመጣው አፋር ወረቀቱን ያነበበውን ሹም ያንኑ የዱሮ ጥያቄውን እንደሚጠይቀው የታወቀ ነው፤ ሹሙም መልሱን አዘጋጅቶ ቢመጣ ይሻለዋል።