የአብያታ ጭቃና የሰላ ድንጋይ ሌጦ

በዓል በመጣ ቁጥር ሰላ ድንጋይ ላይ አንድ ነገር ያንገበግበኛል። በጉ ታርዶ ሥጋው ሲበላ፣ ሌጦው ገዢ አጥቶ አጥር ላይ ይደርቃል፤ ካልሆነም ገደል ይጣላል። የኢትዮጵያ የደጋ በግ ቆዳ እኮ በዓለም ጓንት ሠሪዎች ዘንድ ስሙ የተመሰከረለት ነው!

ዋጋው የወደቀበት ምክንያት ብዙ ነው። እኔ የማነሣው አንዱን ነው። ፋብሪካ የገባ ሌጦ በመጀመሪያዎቹ የሥራ ደረጃዎች ጠጉሩ ይመለጣል። ለዚህ ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ ተበጥብጦ ይቀባል። ሰልፋይድ አሲድ ካገኘው ሰው የሚገድል ጋዝ ያወጣል። የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች እጣቢ ደግሞ በሞጆ ወንዝ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። ዛሬ የውጭ ገዢ ቆዳውን ብቻ ሳይሆን ፍሳሹንም ይጠይቃል።

ይህን መርዝ የሚቀንስ ነገር ከእጃችን አልራቀም። ባሕር ባይኖረንም የስምጥ ሸለቆው የሶዳ ሐይቆች አሉን። የባሕር ውሃ ፒኤች 8 አካባቢ ሲሆን አብያታ፣ ሻላና ጭቱ ወደ 10 ይጠጋሉ። እዚያ ለመኖር የቻለ ባክቴሪያ የሚያመነጨው ኢንዛይምም ኖራ የበዛበትን ውሃ ሊቋቋም ይችላል። በወቅቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፕሮፌሰር አማረ ገሠሠና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ከሶዳ ሐይቅ የተገኙ ሁለት ባክቴሪያዎችን በዶሮ ላባ ቀልበው ፕሮቲን የሚበላ ኢንዛይም አግኝተዋል። የሚጣል ላባ፣ ለሚጣል ሌጦ! እንዲህ ያለ ኢንዛይም በደንብ ከተመረጠ የጠጉሩን ሥር የያዘውን ፕሮቲን ብቻ በልቶ ቆዳውን ይተወዋል። ጠጉሩም ሳይቃጠል ስለሚወልቅ ይፈተላል። በእኛ አገር ብርድ፣ ባና ለሚያሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ግን ይህ ነው፦ ባክቴሪያው አንዴ ከተወሰደ በጋን ውስጥ ይራባል፤ ከሐይቁ የሚፈለገው አንድ ማንኪያ ጭቃ ነው። ከዚያው ከአብያታ ሶዳ አሽ ለማውጣት ግን ውሃው በየጊዜው እየተቀዳ በፀሐይ መትነን አለበት። በዚያ ላይ ወደ ሐይቁ የሚፈሰው የቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ እየተጠለፈ አብያታ ከዓመት ዓመት ሸሽቷል። ጨውነቱ ሲበረታ ዓሣው አለቀ፤ ዓሣ በል ወፎችም ምግባቸውን አጡ። በኪሎ ለሚሸጠው ሶዳ ስንል፣ ገና ያልቆጠርነውን ሕይወት አጥተናል።

ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 ከሶዳ ሐይቆቿ የተወሰዱ ረቂቅ ተሕዋስያን ለአሜሪካው ጄነንኮር ኩባንያ ኢንዛይም አስገኝተዋል፣ ድርሻዬ ይሰጠኝ ብላ ተነሥታ ነበር። እኛ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለን፤ ማንም የአገሪቱን የዘረመል ሀብት ያለ ፈቃድ እንዳይወስድ ይከለክላል። ጥሩ ሕግ ነው። ሆኖም ሌላው እንዳይወስድ መከልከል ብቻውን ቆዳ አያለፋም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከሞጆ ፋብሪካዎች ጋር ተቀምጠው፣ በላቦራቶሪ ብልቃጥ የተሠራውን በሺህ ሊትር ጋን ይሞክሩት። መንግሥትም የመጀመሪያውን ኪሳራ ይሸከም፤ ለዚህ የሚወጣ ገንዘብ አይበዛም።