ወጥ ቤቱን ትታችሁ የእድሩን መዝገብ እዩ

የዛሬዋ ጽሑፍ ረዘም ትላለች፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቧት። ዛሬ ፖለቲካ የለም፣ ስለ ቤት ነው የማወራው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ስቶክሆልም ውስጥ የመጀመሪያ ቤቱን ሊገዛ የተነሳ ሐበሻ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ "በስንት ባገኝ ጥሩ ነው?" የእኔ መልስም ሁሌ አንድ ነው። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ዋጋ የዋጋው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ አርስሬዶቪስኒንግ በሚባለው የማኅበሩ ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ ተቀምጧል። እሱን ደግሞ ከእኛ ሰው የሚያነብ ጥቂት ነው።

ከመሠረቱ እንጀምር። በዚህ ከተማ "አፓርታማ ገዛሁ" ስንል አብዛኛውን ጊዜ የገዛነው ቡስታድስሬት ነው። በሕጉ ሕንጻው የእኛ አይደለም፣ የማኅበሩ ነው። እኛ የገዛነው የማኅበሩ አባል ሆነን በዚያች ቤት ያለ ጊዜ ገደብ የመኖር መብት ነው። ማኅበሩ የተመረጠ አመራር፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤና አቭጊፍት የሚሉት ወርሃዊ መዋጮ አለው። ይህን ለእኛ ሰው በአንድ ቃል ማስረዳት ይቻላል፤ እድር ነው።

እስቲ አስቡት፤ አዲስ አበባ እድር ልንገባ ስንል ምን እንጠይቃለን? ዳኛው ማን ነው፣ ገንዘብ ያዡ ታማኝ ነው ወይ፣ ካዝናው ውስጥ ስንት አለ፣ ድንኳኑ አርጅቷል ወይ እንላለን። ለመቶ ብር መዋጮ ይህን ሁሉ የምንጠይቅ ሰዎች፣ ለሁለት ሚሊዮን ክሮነር ሲሆን ግን ወጥ ቤቱ ነጭ መሆኑን አይተን እንፈርማለን። ቪስኒንጉ ብዙ ጊዜ እሑድ ነው፤ ከቅዳሴ ወጥተን ነጠላችንን ሳናወልቅ ሄደን በረንዳውን አድንቀን እንመለሳለን። ሰኞ መክላሬው ሲደውል መጫረት እንጀምራለን።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልምጣ፤ የድሮው መሐንዲስነቴ አይለቀኝም። ሁለት ቤቶችን ለምሳሌ ያህል እንውሰድ። ሁለቱም 60 ካሬ ናቸው። የመጀመሪያው 1,900,000 ክሮነር፣ ሁለተኛው 2,400,000 ክሮነር ይሸጣል። "ምን ጥያቄ አለው፣ የመጀመሪያው ነዋ!" ትላላችሁ። ቆይ፣ መዝገቡን ክፈቱት። የመጀመሪያው ማኅበር በካሬ ሜትር 14,000 ክሮነር ዕዳ አለበት። ሁለተኛው 2,000 ብቻ ነው ያለበት። በ60 ስታባዙት የመጀመሪያው ቤት በግምት 840,000 ክሮነር የማኅበር ዕዳ ተሸክሞ ይመጣል፤ ሁለተኛው 120,000። ደምሩት። "ርካሹ" 2,740,000 ሆነ፣ "ውዱ" 2,520,000። ርካሹ ቤት በ220,000 ክሮነር ይበልጣል ማለት ነው።

ይህ ዕዳ በስማችሁ አልተጻፈም፣ ባንኩም በእናንተ ብድር ላይ አይደምረውም። ወለዱን ግን በየወሩ በመዋጮ መልክ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። የሪክስባንክ ወለድ እስከ 2022 ሚያዝያ ድረስ ዜሮ ነበር። በ2023 መስከረም 4 በመቶ ገባ። በ2025 መስከረም ወደ 1.75 ወርዷል፤ ነገር ግን መውጣት እንደሚችል ሁላችንም አይተናል። ከላይ ባለው ምሳሌ ማኅበሩ የሚከፍለው ወለድ በአንድ ነጥብ ሲጨምር የመጀመሪያው ቤት ድርሻ በወር 700 ክሮነር ይጨምራል፤ የሁለተኛው 100 ክሮነር ብቻ ነው። ወለዱ ሦስት ነጥብ ቢወጣ 2,100 ከ300 ጋር ነው። በዚያ ላይ በራሳችሁ ብድር ለምትከፍሉት ወለድ መንግሥት 30 በመቶውን በግብር ቅናሽ ይመልስላችኋል (ከ100,000 ክሮነር በላይ ለሆነው 21 በመቶ)። በመዋጮ ውስጥ ተደብቆ ለሚሄደው ወለድ ግን ቅናሽ የለም።

አንድ ወዳጄ ሹፌር በ2021 ሲገዛ መዋጮው 3,900 ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ 5,800 ደረሰ፣ የራሱ ብድር ወለድም አብሮ ወጣ። ቅዳሜና እሑድ ሌሊት መንዳት ጀመረ፤ ልጆቹን የሚያያቸው ተኝተው ነው። የቤት ጉዳይ ሲበላሽ ከኪስ አልፎ እንዲህ የልጅ ዕድሜም ይበላል።

እሺ፣ ስዊድንኛ መዝገብ ማንበብ ይከብዳል ትሉኛላችሁ። ከ2023 የሒሳብ ዓመት ጀምሮ ነገሩ ቀሏል፤ ማኅበራት ዋና ዋና ቁጥሮቻቸውን በአንድ ሰንጠረዥ እንዲያወጡ ግዴታ ሆኗል። ሦስቱን ብቻ ፈልጉ።

አንደኛ፣ ስኩልድሴትኒንግ፤ በካሬ ሜትር ያለው ዕዳ ነው። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ግምት ከ5,000 በታች ቀላል፣ ከ10,000 በላይ ከባድ የሚል ነው። አዳዲስ ሕንጻዎች ላይ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል።

ሁለተኛ፣ ሬንተሼንስሊግሄት፤ ወለድ በአንድ ነጥብ ቢወጣ መዋጮው በስንት በመቶ መጨመር እንዳለበት ይነግራችኋል። 4 ከሆነ እንቅልፍ ተኙ። 18 ከሆነ ቁጭ ብላችሁ አስቡ።

ሦስተኛ፣ ስፓራንዴ፤ ማኅበሩ በዓመት ለወደፊት ጥገና በካሬ ምን ያህል እንደሚተርፈው ያሳያል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ መዋጮው ትንሽ የሆነ ማኅበር ሁሉ ጎበዝ አይደለም። ምንም ሳይቆጥብ አባላቱን ደስ ሲያሰኝ የኖረ እድር ድንኳኑ የተቀደደ ቀን ነው የሚታወቀው።

ድንኳኑ ደግሞ እዚህ አገር ቧንቧ ነው። ብዙዎቻችን የምንኖርባቸው ቴንስታ፣ ሪንከቢ፣ ሁስቢ፣ ፊትያ፣ አልቢ በሚሊዮን ፕሮግራሙ ዘመን የተሠሩ ናቸው። መንግሥት ከ1965 እስከ 1974 አንድ ሚሊዮን ቤት ለመሥራት የተነሳበት ዘመን ነው። የውሃና የፍሳሽ ቧንቧ ዕድሜ ወደ 50 ዓመት ገደማ ነው። ቀሪውን ራሳችሁ ቁጠሩት። ቧንቧው ሲቀየር፣ ስታምቢቴ ይሉታል፣ መታጠቢያ ቤቱ እስከ ሲሚንቶው ይፈርሳል። ስለዚህ አሮጌ ሕንጻ ውስጥ የሚያብረቀርቅ አዲስ መታጠቢያ ቤት ስታዩ ከመደሰታችሁ በፊት "ስታምቢቴ መቼ ተደረገ?" በሉ። መልሱ "ገና ነው" ከሆነ ያ ሁሉ ሴራሚክ ሊፈርስ ነው፤ ማኅበሩም ለሥራው ይበደራል፣ እናንተም ትከፍላላችሁ።

አራተኛውን ነገር ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አይከብድም። መሬቱ የማን ነው? አንዳንድ ማኅበር መሬቱን ገዝቶታል። ሌላው ግን ከከተማው በኪራይ ነው የያዘው፤ ቶምትሬት ይባላል። ሊዝ በሉት። የመሬት ኪራዩ አብዛኛውን ጊዜ በየ10 ዓመቱ ይከለሳል፣ ሲከለስ ደግሞ ዘሎ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የሚቀጥለው ክለሳ መቼ እንደሆነ ጠይቁ። በሚቀጥለው ዓመት ከሆነ የዛሬው መዋጮ የነገው አይደለም።

"ባንኩ አይቶ አይደል ያበደረኝ?" የሚል አለ። ባንኩ በዋናነት የሚያየው እናንተ መክፈል መቻላችሁን ነው። "መክላሬው ጥሩ ሰው ነው" የሚልም አለ። ሊሆን ይችላል፤ በሕግም የገዢንም የሻጭንም ጥቅም መጠበቅ አለበት። ኮሚሽኑን የሚከፍለው ግን ሻጩ ነው። የመመርመር ግዴታ የተጣለው በገዢው ላይ መሆኑን አትርሱ። ለማየት የሚቻለውን ሳታዩ ገዝታችሁ በኋላ መክሰስ አይሠራም።

ስለ ገንዘቡም ሁለት ነገር ልበል። በ2010 ጥቅምት የወጣው ደንብ ባንክ ከዋጋው እስከ 85 በመቶ ብቻ እንዲያበድር ነበር፤ 15 በመቶው ከኪስ። በ2025 መንግሥት የኪሱን ድርሻ ከ2026 ሚያዝያ ጀምሮ ወደ 10 በመቶ ለማውረድ ሐሳብ አቅርቧል። ደስ ይላል፤ ነገር ግን ከኪስ ያነሰው በብድር ላይ እንደሚጨመር አትርሱ። ስለዚህ ባንካችሁ ስትሄዱ የዕለቱን ደንብ ጠይቁ። ቅድሚያ ክፍያውን በእቁብ የምትሰበስቡ ደግሞ ገንዘቡ በባንክ ዝውውር ይሂድ፣ ስምና ቀን የያዘ ወረቀትም ይኑራችሁ። ባንክ "ይህ ገንዘብ ከየት መጣ?" ብሎ ይጠይቃል፤ በፌስታል የመጣ እቁብ መልስ የለውም። የራሳችሁ የታክሲ ድርጅት ያላችሁም ስሙኝ፤ ባንኩ የሚያምነው በግብር መዝገብ ላይ የታየውን ገቢ ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ገቢን አሳንሶ አስመዝግቦ በአራተኛው ዓመት ብድር መጠየቅ ዘር ሳይዘሩ አጨዳ መውጣት ነው።

ጨረታ ላይ ደግሞ አትደናገጡ። እዚህ አገር በኤስኤምኤስ የሰጣችሁት ዋጋ አያስራችሁም፣ ሻጩንም አያስረውም፤ የሚያስረው በጽሑፍ የተፈረመ ውል ነው። ከተፈረመ በኋላ ግን መመለስ ውድ ነው፤ ብዙ ጊዜ 10 በመቶ የሚሆነው ሃንድፔኒንግ አለበት። ስለዚህ ጣሪያችሁን ቤት ሆናችሁ ከባለቤታችሁ ጋር ወስኑ፣ በወረቀት ጻፉት። ስልኩ "ሌላ ሰው 50,000 ጨመረ" ሲል ወረቀቱን እዩ። ከጣሪያው ካለፈ "እንኳን ደስ ያለው" ብላችሁ ስልኩን አስቀምጡ። ቤት ይገኛል።

ስዊድንኛው የከበዳችሁ አሥረኛ ክፍል ያለ ልጃችሁን አስቀምጡና አብራችሁ አንብቡ፤ ለእሱም ትምህርት ነው። መልስ ያላገኛችሁበትን የማኅበሩን ሊቀመንበር ደውላችሁ ጠይቁ፤ አያፍሩም፣ ይመልሳሉ። ግራ የገባው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ማታ አርላንዳ ተራ ስጠብቅ አየዋለሁ። ግን አደራ፣ መዝገቡን ላኩልኝ እንጂ የወጥ ቤቱን ፎቶ አትላኩ።