ጂዛን፦ ቡናዋንና ጭፈራዋን ለዓለም የምታስተዋውቀው የደቡብ ሳዑዲ ከተማ እና የኢትዮጵያውያን ቦታ

*ሳዑዲ አረቢያ የደቡብ ምዕራብ ግዛቷን ባህል በፌስቲቫልና በቅርስነት ምዝገባ እያጎላች ነው፤ ይህን ባህል በቀላሉ የሚያውቁት ኢትዮጵያውያን ግን በአብዛኛው ከመድረኩ ውጭ ናቸው*

ጂዛን የሚለውን ስም ሲሰሙ መጀመሪያ ትዝ የሚልዎት ምንድን ነው?

ለብዙ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ መልሱ የስልክ ጥሪ ነው። “ጂዛን ገብቷል” ወይም “ጂዛን ላይ ተይዟል” የሚለው ዜና በወሎ፣ በአርሲ፣ በሐረርጌ እና በትግራይ ገጠሮች ለዓመታት ሲሰማ ኖሯል። ከተማዋ በብዙዎቻችን ዘንድ የምትታወቀው በድንበሯና በእስር ቤቷ ነው።

ለሳዑዲ ዜጎች ደግሞ ጂዛን ሌላ ነገር ናት። የነጭ አበባ ጉንጉን፣ የማንጎ፣ የተራራ ቡና እና ከበሮ የማይለየው ሠርግ አገር ናት። የሳዑዲ መንግሥት ራዕይ 2030 የተባለውን ዕቅድ በ2016 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ካወጣ ወዲህ ይህ ገጽታዋ ይበልጥ ወደ አደባባይ ወጥቷል።

ሁለቱ ጂዛኖች እንዴት በአንድ ቦታ ይኖራሉ? ለእርስዎስ ምን ትርጉም አላቸው?

ከተማዋ የት ናት?

ጂዛን ከጅዳ በስተደቡብ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በቀይ ባሕር ዳርቻ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። በስሟ የሚጠራው ግዛት ከየመን ጋር ይዋሰናል። ሰብያ፣ አቡ አሪሽ፣ ሳምታ፣ አል ጡዋል እና በተራራው በኩል ፊፋና አል ዳይር በግዛቱ ከሚገኙት ከተሞች መካከል ናቸው። የፈረሳን ደሴቶችም ከባሕሩ ማዶ አሉ።

አካባቢው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መቀመጫውን ሰብያ ባደረገው የኢድሪሲዎች ኢማሬት ሥር ነበር። በሳዑዲ ሥር መሆኑ የጸናው ሳዑዲና የመን በ1934 በተፈራረሙት የጣኢፍ ስምምነት ነው። ስለዚህ ድንበሩ የመቶ ዓመት ዕድሜ እንኳ የለውም፤ ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ ያለው ሕዝብ ዘመድ ነው፣ ገበያውም አንድ ነበር።

የገበያ ነገር ከተነሳ “አሐድ አል መሳሪሃ” የተባለችውን ከተማ ስም ልብ ይበሉ። “አሐድ” እሑድ ማለት ነው፤ ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በየሳምንቱ እሑድ ከሚቆመው ገበያ ነው። ሰብያ ደግሞ በማክሰኞ ገበያዋ ትታወቃለች። ቅዳሜ ገበያ ወይም ማክሰኞ ገበያ ሲባል ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ አይደለም።

የሚያውቁትን ነገር በሌላ ስም

ወደ ጂዛን የሄደ ኢትዮጵያዊ በቶሎ የሚያስተውላቸው ነገሮች አሉ።

አንደኛው ምግቡ ነው። “ለሑህ” የተባለው ዓይናማ ቂጣ ሊጡ ቦክቶ በአንድ ጎኑ ብቻ የሚጋገር ሲሆን፣ የእንጀራ ታናሽ ወንድም ይመስላል። የቆላው ገበሬ ማሽላና ዳጉሳ የሚመስል ዘንጋዳ ያመርታል። “ሙገሽ” የሚባለው ወጥ ሥጋና አትክልት በድንጋይ ድስት ተደርጎ ምድጃ ውስጥ የሚበስል ነው። ሙዝ፣ ቂጣ፣ ቅቤና ማር ታሽቶ የሚቀርበው “መርሳ” ደግሞ ጨጨብሳን ያስታውሳል።

ሁለተኛው ቤቱ ነው። የቲሃማ ቆላ ነዋሪዎች ለዘመናት የኖሩባቸው “ዑሻ” የተባሉ ክብ የሣር ጎጆዎች ናቸው። ዛሬ በኮንክሪት ቤት ተተክተው በብዛት የሚታዩት በቅርስ መንደሮች ውስጥ ነው።

ሦስተኛው አነጋገሩ ነው። በሪያድ ወይም በጅዳ ቤት አረብኛ የለመደ ሠራተኛ ጂዛን ሲደርስ ግራ ይጋባል። የአካባቢው ሰው “አል” በማለት ፋንታ “አም” ይላልና፤ “አል በይት” የነበረው “አም በይት” ይሆናል። ይህ ከጥንት የደቡብ አረቢያ አነጋገሮች የተረፈ ልማድ ነው።

ቡናው፦ ቅርስና ንግድ

በጂዛን የባህል መነቃቃት ውስጥ ትልቁን ቦታ የያዘው ቡና ነው። ዩኔስኮ በ2022 መጨረሻ በሞሮኮ ራባት ባካሄደው ጉባኤ የኸውላኒ ቡናን የማልማት እውቀትና ልማድ በሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቧል። ሳዑዲ አረቢያም ያን ዓመት “የሳዑዲ ቡና ዓመት” ብላ ሰይማው ነበር።

በዚያው ዓመት የመንግሥቱ የኢንቨስትመንት ፈንድ የሳዑዲ ቡና ኩባንያን አቋቁሟል። ኩባንያው በ10 ዓመት ውስጥ 1.2 ቢሊዮን ሪያል ገደማ ለማፍሰስ፣ የአገሪቱን ዓመታዊ ምርትም ከ300 ቶን ወደ 2,500 ቶን ለማሳደግ አቅዷል።

ይህ እርስዎን ሊያሰጋዎት ይገባል? ቁጥሩን ከኢትዮጵያ ምርት ጋር ያስተያዩት። ኢትዮጵያ በዓመት የምታመርተው በመቶ ሺዎች ቶን የሚቆጠር ነው። ሳዑዲ አረቢያም ከኢትዮጵያ ቡና ዋና ገዢዎች አንዷ ናት። በሳዑዲ ሱቆች “ሐረሪ” ተብሎ የሚሸጠው የሐረር ቡና ከኸውላኒው ጎን የራሱ ደንበኛ አለው። የጂዛን ተራሮች ያንን ፍላጎት ሊያሟሉ አይችሉም።

ሊያሳስብ የሚገባው ሌላ ነገር ነው። ኸውላኒ ቡና ስሙ፣ ታሪኩና አምራቹ ተለይቶ ስለሚቀርብ በውድ ይሸጣል። የሐረር ቡና ግን ብዙውን ጊዜ በጆንያ ገብቶ፣ በሌላ ሰው ተቆልቶና ታሽጎ የገበሬው ስም ሳይነሳ ያልቃል።

የቅርስ ምዝገባውንም በልኩ ማየት ይገባል። የዩኔስኮ ዝርዝር የባለቤትነት ወይም የመገኛ አገር ማረጋገጫ አይደለም፤ አንድ ማኅበረሰብ ልማዱን እየጠበቀ መሆኑን የሚገልጽ ነው። ኢትዮጵያ እስከ 2023 ድረስ መስቀልን፣ ፍቼ ጨምበላላን፣ የገዳ ሥርዓትን፣ ጥምቀትንና የሐረሩን ሹዋሊድ አስመዝግባለች። ከእነዚህ አምስት መካከል የቡና ሥርዓታችን አልነበረም። “ቡናችን ተወሰደ” ከማለት ይልቅ የእኛን ጀበናና ረከቦት ሥርዓት ለማስመዝገብ ምን ተሠራ ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል።

ቡናው በጂዛን ሌላም ሥራ አለው። የፊፋና የአካባቢው ተራሮች ጫት የሚበቅልባቸው ነበሩ፤ መንግሥት ገበሬው ጫቱን ነቅሎ ቡና እንዲተክል ያበረታታል። ጫት በሳዑዲ የተከለከለ ዕፅ ነው። በአወዳይ ገበያ በጠራራ ፀሐይ የሚሸጠው እስር ድንበሩን ሲሻገር ወንጀል ይሆናል።

ከበሮውና መድረኩ

የጂዛን ሙዚቃ የሠርግ፣ የግርዛትና የዒድ ሙዚቃ ነው። ወንዶች ሰይፍ ወይም ጩቤ ይዘው በከበሮ ምት የሚዘሉበት “አል ዐዛዊ”፣ በሰይፍ የሚጨፈረው “አል ሰይፍ”፣ በቅብብል የሚወረደው የግጥም ጭፈራ “ዛሚል” ከታወቁት ውስጥ ናቸው። “ዚር” የሚባለው ከበሮ ከሌለ ድግሱ አይሞቅም። ሽለላና ፉከራን የሚያውቅ ሰው የዛሚልን መንፈስ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

በአረቡ ዓለም ስሙ የገነነው ዘፋኝ ሙሐመድ ዐብዱም በ1949 የተወለደው እዚሁ ግዛት በአል ደርብ ነው። አባቱን በልጅነቱ አጥቶ ያደገው በጅዳ ነበር። ሳዑዲ ለሕዝባዊ ኮንሰርቶች በሯን ስትከፍት በ2017 መጀመሪያ በጅዳ መድረክ ላይ ከወጡት አንዱ እርሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሙዚቃ ኮሚሽንና የቅርስ ኮሚሽን ሥራ ጀመሩ። የጂዛን የክረምት ፌስቲቫል፣ የሰብያ ማንጎ ፌስቲቫል፣ በፈረሳን ደግሞ በየዓመቱ ወደ ዳርቻ የሚመጣውን ዓሣ ተከትሎ የሚከበረው የሐሪድ በዓል ድጋፍና ጎብኚ አግኝተዋል።

ይህ የሆነው ጦርነት ካደቀቀው ጊዜ በኋላ መሆኑ ትርጉም አለው። በ2009 ከሁቲዎች ጋር በተደረገው ውጊያ፣ ከ2015 ጀምሮም በየመኑ ጦርነት የድንበር መንደሮች ነዋሪዎች ቀዬአቸውን ለቀዋል። ከየመኗ ሐረድ የሚያገናኘው የአል ጡዋል መተላለፊያ በጦርነቱ ተዘግቷል። በሚያዝያ 2022 የተጀመረው የተኩስ አቁም የድንበሩን ሰው አሳርፏል። ሠርጉን በድሮን ስጋት ለማድረግ ለተገደደ ሰው ከበሮ በነፃ መምታት ትንሽ ነገር አይደለም።

ኢትዮጵያውያኑስ?

ወደ ሁለተኛዋ ጂዛን እንመለስ። ከኢትዮጵያ በጅቡቲ ወይም በቦሳሶ፣ ከዚያ በየመን አድርጎ ሳዑዲ የሚያደርሰው ምሥራቃዊ መስመር በዓለም ላይ እጅግ ከሚበዛባቸውና እጅግ አደገኛ ከሚባሉት የስደት መንገዶች አንዱ ነው። የሳዑዲ አገር ውስጥ ሚኒስቴር በየሳምንቱ በሚያወጣው መግለጫ ድንበር ሲሻገሩ ከሚያዙት አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያንና የመናውያን ናቸው፤ በብዙ ሳምንታት ኢትዮጵያውያን ከግማሽ በላይ ይሆናሉ።

ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት፣ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ባለው ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ገድለዋል ብሏል። የሳዑዲ ወገን ክሱን መሠረተ ቢስ ሲል አስተባብሏል። የኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ጉዳዩን ከሳዑዲ ጋር አጣራለሁ ብሎ ነበር።

ድንበሩን ያለፈውም ቢሆን ሕይወቱ በጥላ ውስጥ ነው። በሳዑዲ ሕግ ድንበር ጥሶ የገባን ሰው ማጓጓዝ፣ ማስጠለል ወይም መርዳት እስከ 15 ዓመት እስራትና እስከ አንድ ሚሊዮን ሪያል ቅጣት ያስከትላል፤ መኪናውና ቤቱም ሊወረስ ይችላል። እንግዳ መቀበልን የክብሩ መለኪያ ያደረገ የተራራ ሰው ለመንገደኛ ውኃና ቂጣ ቢሰጥ፣ ማደሪያ ለመስጠት ግን ሁለት ጊዜ ያስባል።

ይህ ሕግ የማኅበር ኑሯችንንም ይነካል። እድር ማለት ስምና አድራሻ ያለው ሰው ማኅበር ነው። እቁብ የሚጣለው ነገም እንደሚገኝ በሚታመን ሰው ላይ ነው። ወረቀት የሌለው እረኛ ወይም የእርሻ ሠራተኛ ግን ነገ የት እንደሚያድር አያውቅም። ሲሞት አስከሬኑን የሚጠይቅ፣ ለቤተሰቡ የሚደውል፣ ድንኳን የሚጥልለት የለም። የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት የሚገኘውም በሩቋ ጅዳ ነው።

በሌላ በኩል ሪያድ ለውጭ ማኅበረሰቦች የባህል ቀናት ማዘጋጀት ጀምራለች፤ ሕንዶች፣ ፊሊፒናውያን፣ ሱዳናውያንና የመናውያን በ2024 በአል ሱወይዲ ፓርክ ዘፈናቸውንና ምግባቸውን አቅርበዋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፦ መድረክ የሚያገኝ ማኅበረሰብ መጀመሪያ ሕጋዊ መኖሪያ፣ ማኅበርና የሚናገርለት ኤምባሲ ያለው ነው።

ምን ይጠበቃል?

ኢትዮጵያ ከሳዑዲ ዜጎቿን በጅምላ ስታስመልስ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። ከኅዳር 2013 ጀምሮ በነበሩት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ሰዎች ተመልሰዋል። በ2022 መቶ ሺህ፣ በ2024 ደግሞ 70 ሺህ ዜጎችን ለመመለስ ስምምነት ተደርጓል። ከተመለሱት ውስጥ መልሰው የሚሄዱ መኖራቸው፣ መመለስ ብቻውን መፍትሔ እንዳልሆነ ያሳያል።

ሦስት ነገሮችን መከታተል ይጠቅማል። የመጀመሪያው ቡናው ነው፤ የጂዛን እርሻ ሲሰፋ ችግኝ የሚያውቅ፣ ለቅሞ የሚያደርቅ እጅ ይፈልጋል። ይህ እውቀት በሐረርጌና በጅማ ሞልቷል፤ በሁለቱ መንግሥታት የሥራ ስምምነት ውስጥ እንዲካተት መጠየቅ የኢትዮጵያ ሥራ ነው።

ሁለተኛው የየመን ሰላም ነው። መተላለፊያው በሕግ ቢከፈት የደላሎች ገበያ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ውጊያው ቢያገረሽ ግን መንገዱ ይብስ ገዳይ ይሆናል።

ሦስተኛው የሚመለከተው እርስዎን ነው። ወንድምዎ ወይም እህትዎ ለመሄድ ከተነሱ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል ያለውን ሕጋዊ መንገድ ይጠይቁ፤ በሕጉ መሠረት የቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ወጪ የአሠሪው ነው። በእግር ተጉዘው ድንበር ላይ ያሉ ዘመዶች ካሉዎት ደግሞ የማንንም ዕቃ ተሸክመው እንዳይሻገሩ ይንገሯቸው። በ2025 የሳዑዲ ዜና አገልግሎት በናጅራን ሐሺሽ አስገብተዋል ተብለው የተፈረደባቸው ኢትዮጵያውያን በሞት መቀጣታቸውን በተደጋጋሚ ዘግቧል።

የጂዛን ሰው በክረምቱ ፌስቲቫል የአበባ ጉንጉን ደፍቶ፣ የቡና ገለባ አፍልቶ “ቂሽር” ብሎ ይጠጣል። በሐረር የቡና ቅጠል ተፈልቶ ቁጢ ይባላል። ሁለቱን የሚለያቸው ባሕር ጠባብ ነው። በመሐሉ የሚያልፈው ልጃችን ግን በሕግ ካልተሻገረ፣ ያንን ድግስ የሚሰማው ከሩቅ ተደብቆ ነው።