የየማታው ደብተር

ይህን እትም ለግል ማስታወሻ ሰጥተነዋል። ከሞላሌና ከአካባቢዋ፣ ለዓመታት የዋሉበትን እየጻፉ የኖሩ ሰዎች ደብተሮቻቸውን አምነው ሰጥተውናል። የአንድ መምህር ደብተር እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ዳሩ የኩራዝ ጥላሸት ይዟል፤ በአንዱ ገጽ ላይ ገብሱን የመታው ውርጭ፣ የበግ ዋጋ፣ ያልቀናው የጎረቤት ሽምግልና ተከታትለው ሰፍረዋል። እንዲህ ያለውን ገጽ ከተዋበ ድርሰት አስበልጣለሁ፤ ጸሐፊው ነገ ምን እንደሚሆን ሳያውቅ የጻፈው ነውና።

ልማዱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የመርሐ ቤቴው ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የሄዱበትን አገር በጽሑፍ ይዘው ይመለሱ ነበር። በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ደርሰው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው አሳተሙት፤ መንገዱን ዛሬ አብረናቸው የምንጓዘው ስለጻፉት ነው።

ጽሑፎቹን ብዙ አልነካካንም። ቀኖቹን እንዳሉ ትተናል፤ የጎረቤቶችን ስም ግን አውጥተናል።

ከእናቶች የደረሰን ጥቂት ነው፤ ይህ ያሳስበኛል። ብዙዎቹ ዘመናቸውን በቃል ይዘውታል። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብለው «መጽሐፈ ትዝታ» አድርገው አቆይተውልናል። እናንተም ከእናቶቻችሁ ጎን ተቀመጡና ጻፉላቸው፤ ለሚቀጥለው እትም ገጽ አዘጋጅተናል።