«የነፃ ማዳበሪያ» ሳይመረመር አይበተን

የማዳበሪያ ዋጋ በናረበት ጊዜ ከፋብሪካ ግቢ ተጭኖ የመጣ ጥቁር ዝቃጭ «በነፃ ውሰዱ፣ መሬት ያለማል» ሲባል ገበሬው እጁን ቢዘረጋ አያስደንቅም። የገበሬ ማኅበር መሪዎች ግን ዝቃጩ ማሳ ላይ ከመበተኑ በፊት ምን እንደያዘ ማወቅ ይኖርባቸዋል።

ፍግ፣ የቡና ገለባና ቅጠል ሲበሰብሱ አፈር ያዳብራሉ። የፋብሪካ ዝቃጭ ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። ቆዳ በአብዛኛው የሚለፋው በክሮሚየም ጨው ስለሆነ፣ ትርፉ ከቆሻሻው ጋር ይወጣል። ሞጆን በመሳሰሉ የቆዳ ፋብሪካዎች በሚገኙባቸው ከተሞች ዙሪያ ያሉ መሪዎች ይህን አብልጠው ሊያስቡበት ይገባል። ከሌሎች ፋብሪካዎችም እርሳስና ካድሚየም ሊወጡ ይችላሉ። እነዚህ ማዕድናት አይበሰብሱም፤ በተበተኑ ቁጥር በአፈሩ ውስጥ ይጠራቀማሉ። ካድሚየም እንደ ሰላጣና ቆስጣ ባሉ ቅጠላ ቅጠሎች በኩል ወደ ገበታ ይመጣል፤ ኩላሊትንና አጥንትን ይጎዳል። እርሳስ የሕፃናትን የአእምሮ እድገት ያሰናክላል። ክሮሚየም ያለበት ዝቃጭ ሲቃጠል ደግሞ ካንሰር ወደሚያስከትለው የክሮሚየም ዓይነት ሊለወጥ ይችላል።

«እንግዲያው በደኑ ውስጥ ይደፋ» የሚሉም አይጠፉም። ደኑ ግን ከብት የሚሰማራበት፣ ንብ የሚቀስምበት፣ ምንጭ የሚፈልቅበት ነው። በተራራ ላይ የተደፋውንም ጎርፍ ወደ ታችኛው ማሳና ወንዝ ያወርደዋል።

ይህ ጉዳይ በኢንዱስትሪ የበለጸጉትንም አገሮች አሳስቷል። በአሜሪካ የሜይን ግዛት ገበሬዎች የከተማ ፍሳሽና የወረቀት ፋብሪካ ዝቃጭን በርካሽ ማዳበሪያነት ለብዙ ዓመታት ሲበትኑ ቆዩ። ኋላ ግን ፒፋስ የተባሉ በቀላሉ የማይፈርሱ ኬሚካሎች በአፈሩ፣ በጉድጓድ ውሃውና በወተቱ ተገኙ። ወተታቸውን መሸጥ ያቆሙ ገበሬዎች ነበሩ። ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ዝቃጭ በመሬት ላይ መበተንን በሕግ ከለከለች። የተበከለው መሬት ግን በሕግ አልጸዳም።

ስለዚህ ዝቃጭ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ ጥያቄው ሦስት ነው፦ ከየትኛው ፋብሪካና ከምን ሥራ የወጣ ነው? የላቦራቶሪ ውጤቱ የት አለ? ጉዳት ቢደርስ ኃላፊነቱን በጽሑፍ የሚወስደው ማን ነው? መልስ ከሌለ መኪናው እንደተጫነ ይመለስ። በስውር የተደፋ ከተገኘም ቀኑንና ቦታውን መዝግቦ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማስታወቅ ያስፈልጋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300፣ ማንኛውም ሰው ጉዳቱ በራሱ ላይ መድረሱን ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤቱታ እንዲያቀርብ ፈቅዷል።

ለአንድ መኸር የሚተርፈው የማዳበሪያ ገንዘብ ለልጅ ልጅ ከሚተላለፍ መሬት አይበልጥም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት አሁን ነው።