ኢራቅ ዘምቶ የመጣው እጮኛዬ «ምንም የለህም» ተባለ

አሜሪካ ያለው እጮኛሽ ኢራቅ ዘምቶ ከተመለሰ ወዲህ ይደክመዋል፣ መገጣጠሚያውን ያመዋል፣ ይረሳል፤ ሐኪሙ ግን ምንም አላገኘበትም። «ሊተወኝ ፈልጎ ሰበብ ይሆን?» ብለሻል።

እኔ እንኳ ሰበብ ነው አልልም። እ.ኤ.አ. በ1991 ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት የተመለሱ ስንትና ስንት የአሜሪካ ወታደሮች እንዲሁ ሲሉ «ጭንቀት ነው» እየተባሉ ተመልሰዋል። ደሙ ተመረመረ፣ ራጅ ተነሳ፣ ጤነኛ! በ2008 ግን ለመንግሥታቸው የቀረበ የባለሙያዎች ሪፖርት ሕመሙ እውነተኛ ነው አለ፤ ከነርቭ ጋዝ እንዲከላከል የተሰጣቸውን ክኒንና ፀረ ተባይ መድኃኒትንም በምክንያትነት ጠቀሰ። ኢራቅ ላይ ደግሞ በየጦር ሰፈሩ ጉድጓድ ውስጥ ሲቃጠል የኖረው የቆሻሻ ጭስ አለ።

አሁን የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሄዶ «የባሕረ ሰላጤ መዝገብ» የሚባለውን ምርመራ ይጠይቅ። ነጻ ነው፤ ኢራቅ የዘመተም ይገባዋል። ታዲያ ይህ ምርመራ የካሣ ጥያቄ አይደለም! ለካሣ ለብቻው ማመልከት አለበት። ስም ያልተገኘለት ሕመም እንኳ ስድስት ወር ከቆየ ካሣ ሊያስገኝ ይችላል። እንቅልፍ ያጣበትን፣ ራሱን ያመመውን ቀን እየጻፈ ይያዝ።

የሰርጉን ነገር ለጊዜው ተይው። ስትደውዪለት «ተሻለህ?» ብቻ ብለሽ አትለፊው፤ እንዴት እንዳደረ ጠይቂው። መኖር ሰለቸኝ የሚል ወሬ ካመጣ ግን ነገ ዛሬ ሳይል እዚያው 988 ደውሎ 1 ቁጥርን ይጫን።