ለድንች ሐውልት ቢቆም ምን ያስቃል?



በአውስትራሊያ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ በሚባለው ግዛት፣ ደጋ ላይ ሮበርትሰን የምትባል ትንሽ የገበሬዎች መንደር አለች። አፈሯ ቀይ ነው። ዝናብና ጉም አያጣትም፤ ድንችም በደንብ ይበቅልባታል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1977 እዚያ መንገድ ዳር ከሲሚንቶ አንድ ትልቅ ድንች ተሠራ። ርዝመቱ 10 ሜትር ያህል ነው።

ይህንን ለጓደኞቼ ስነግራቸው ሳቁ። «ሐውልት ለጀግና ነው እንጂ ለድንች ነው እንዴ?» አሉኝ።

እኔ ግን በዚህ አልስማማም። እዚያው አገር ጎልበርን ለበግ፣ ኮፍስ ሃርበር ደግሞ ለሙዝ እንደዚሁ ትልልቅ ሐውልት አላቸው። ሰው በሚያበላው ነገር ለምን ያፍራል? መንገደኛው ድንቹ አጠገብ ቆሞ ፎቶ ሲነሳ፣ በብርድ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ድንች የሚያወጣውን ገበሬም ያስታውሳል ብዬ አስባለሁ።

እኛ ጋ ግን ልጆች ሲሰዳደቡ «አንተ ገበሬ!» ይባባላሉ። ይሄ ስድብ ነው እንዴ? ታዲያ ምሳ ዕቃችን ውስጥ ያለውን ድንች ወጥ ማን አመረተው?

ስለዚህ ተማሪዎች፣ ሐውልቱ እንኳ ቢቀር ስድቡን እንተው።